ቀስቱ ያላሳየው ድንጋይ

ዘበኛው በየማለዳው በልደታ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ቆሞ ቢጫ ጂፒኤሱን ያበራል። ሳተላይት እስኪይዝለት ወደ ሰማይ ከፍ ያደርገውና መልሶ ያጠፋዋል። ድሮ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሽርሽር የወጡ ሰዎችን በሞተር ጀልባ ያዝናና ስለነበር ነዋሪው ሁሉ "ካፒቴን" ይለዋል። ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ቀና ብሎ ግን አያይም።

ትናንት ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ነስሪን አጠገቡ ቆመች።

"ካፒቴን፣ ዛሬም ልደታ ጠፋችብዎት?" አለችው እየሳቀች። "እሑድ ልጆቹን ይዘን ዝዋይ ልንሄድ ነው። ጀልባውን እርስዎ ይንዱልን።"

መሣሪያውን ኪሱ ከተተው።

"ተይኝ፣ ልጄ። ይሄ ደሴቱ የት እንዳለ በቀስት ያሳያል እንጂ ውሃው ውስጥ ያለውን ድንጋይ አያውቅም። አንድ ቀን ዓሣ አጥማጆች ከሩቅ እጃቸውን ሲያወዛውዙ ሰላም ያሉኝ መስሎኝ እኔም አወዛወዝኩላቸው።"

"ከዚያስ?"

"ከነጀልባው ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ያሳፈርኳት ሴትዮ እስከ ዛሬ በክራንች ነው የምትሄደው።"

ዛሬ ጠዋት ነስሪን ስታልፍ ካፒቴን ሳትለው "እንደምን አደሩ" ብቻ አለችው። እሑድ ማለዳ ወደ ዝዋይ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ሲመጣ በሩን ከፍቶ የሚያስወጣቸው እሱ ነው።