ጣዝማ ያልሆነችው ንብ

ጣጣው የመጣው «መሬት ውስጥ የምትኖር ንብ አገኘሁ» ብዬ በማውራቴ ነው። እኛ ሸዋ ሮቢት ደግሞ መሬት ውስጥ የምትኖር ንብ ስሟ አንድ ነው፤ ጣዝማ። ማሯ መድኃኒት ነው፣ ሳል የያዘው ሁሉ ይመኘዋል። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ የቆላውን የዱር ንቦች እየሰበሰብኩ መለየት አመሌ ነው። ያገኘኋት ሌላ ናት ብል ማን ሊሰማኝ!

ጠዋት ከጎረቤቶቼ የባሚያ ማሳ ስደርስ ባለማሳዋ እትዬ ጠርዙን በዶማ ይንዱታል። ባለቤታቸውን ሳል ይዟቸው ከርሟል። የሐኪም ቤቱን መድኃኒት ጨርሰዋል፣ አሁን እህል ውሃም እምቢ ብለዋል።

«ኧረ በአላህ እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ማሩን እየፈለግኩ ነዋ። አንቺ አይደለሽ ያገኘሽው?»

ደሜ ፈላ። እነዚያን ንቦች ያየሁት እዚያ ጠርዝ ላይ ብቻ ነበር። ከተናደው አፈር አንዷን የሞተች አንስቼ አጉሊ መነጽሬን አስያዝኳቸው።

«የኋላ እግሯን ይዩ። ጣዝማ ብትሆን ቅልጥሟ እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ ይሆን ነበር፤ የአበባውን ዱቄት እዚያ ላይ ትለጥፋለች። የዚች ግን ረጅም፣ ሳሳ ያለ ፀጉር ያለበት ነው። የባሚያና የጥጥ አበባ ዱቄት ትልልቅና ሻካራ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር መሀል አይገባም። ለልጇ ከነዚህ አበቦች ሌላ አትሰበስብም። ማርም አታጠራቅም እትዬ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ለእጯ የምታኖረው የዱቄት ድቡልቡል ብቻ ነው።»

እትዬ መነጽሩን መለሱልኝ። «ታዲያ ዛሬ ምን ልስጠው?» አሉ።

ንዴቴ ብን ብሎ ጠፋ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ድቡልቡሎቹን በነጠላቸው ጫፍ መልቀም ጀመሩ።

«ነይ ቤት እንግባ። ጣዝማ ነው በይው። አንቺ ካልሽ ያምናል፣ ካመነ ይውጣል።»

«እትዬ፣ ውሸት ነው'ኮ!»

«ውሸት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? አላህ ልቤን ያያል።»

ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል ይባል የለ። ተከተልኳቸው።

ባልየው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው አጥንት ብቻ ሆኗል። እትዬ ድቡልቡሉን በስኳር ውሃ ሊበጠብጡ ጓዳ ገቡ።

«እስኪ ያገኘሻትን አሳዪኝ ልጄ» አሉኝ ባልየው። ንቧን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽሩን አስጠግተው ቆይተው አዩዋት፣ ከዚያ ወደ ጓዳው ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጣዝማ ይሄን አታክልም፤ ኢምንት ናት። ይቺ አይደለችም፣ አይደል?»

ንቧን ከመዳፋቸው አነሳሁ።

«ለሷ እንዳትነግሪያት። ተስፋዋ ይሄው ብቻ ነው።»

እትዬ ኩባያውን ይዘው ወጡ። ባልየው ተቀብለው እያረፉ፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ፣ አንጠፍጥፈው ጠጡት።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «ጣዝማስ ጣዝማ ነው። ጉሮሮዬ አወቀው።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ባልየውም ወደ እኔ ዞሩ።

«አዎ» አልኩ፣ «ጣዝማ ናት።»

«አላህ ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ፣ ሁለቱም ባንድ አፍ።