ስኳሯን በሳሙና የምትለውጠው ሰኪና

ሰኪና ሁሩታ አካባቢ ተወልዳ፣ ጋሪ ነጂ አግብታ አሰላ የገባች ሴት ነበረች። ባሏ ልጅ ሳይተውላት ሞተ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቀበሌ በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ገብስ እየቆላች፣ ቆሎ እየሸጠች ትኖር ነበር።

በዚያ በደርግ ዘመን ስኳርም ሳሙናም የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ በካርድ ነው። ወር ሲገባ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ብርድ በነጠላ እየመከትን እንሰለፋለን። ሰልፍ ደግሞ ሰው የሚታይበት ቦታ ነው። ማን ዘይቱን በምን ዕቃ እንደሚቀበል፣ ጨው ጎደለብኝ ብሎ የሚጨቃጨቀው ማን እንደሆነ፣ የማን ዘንቢል ተጠግኖ እንደመጣ፣ እኔ ሁሉን አያለሁ። ያየሁትን ለጎረቤቴ ለየሺሃረግ እነግራለሁ፤ የሺሃረግ ለቀረው ሰው ታደርሳለች።

ሰኪና ስኳሯን ተቀብላ ስትወጣ ወደ ሰልፉ ትመለስና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሳሙና በስኳር የሚለውጠኝ አለ?" ትላለች። ልጅ የበዛበት ቤት ስኳር ይመርጣልና ለዋጭ አጥታ አታውቅም። ሦስት አራት ሳሙና ይዛ ትሄዳለች። ቀሚሷና ሻሿ ግን ጭቃ ይመስላሉ።

"ያን ሁሉ ሳሙና ትበላዋለች እንዴ?" አለችኝ የሺሃረግ አንድ ቀን።

"ዴራ ገበያ ነዋ የሚበላው!" አልኳት።

ዴራ ወስዳ እንደምትሸጠው ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ያወጣሁት ነው። የሰኪናን አዳፋ ልብስ ባየሁ ቁጥር ደግሞ በግድግዳ የሚዋሰኗትን እማማ አባይነሽን አነሳ ነበር። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ቀሚሳቸው እንደ ወተት ነው። "ጽዳት ከእሳቸው ትማር" እል ነበር።

ወሬው የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ አስናቀ ዘንድ ደረሰ። እኔ በሃምሳ አራት ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ የምስክር ወረቀት በማግኘቴ፣ የሱቁ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ውስጥ አስገብተውኝ ነበር።

"ጓድ ተሻለች፣ ይኼ አሻጥር ነው" አለኝ። "ቤቷ ሄደው አይተው በጽሑፍ ያቅርቡ። የምትሸጥ ከሆነ ካርዷ ይነጠቃል።"

ካርድ የተነጠቀ ሰው ጨው እንኳ አያገኝም። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ።

የሰኪና በር ገርበብ ብሏል፤ ገብቼ ባይ ሰው የለም። ከአልጋው ሥር እስከ ቆሎው ጆንያ ድረስ ፈተሽኩ፤ የተከማቸ ሳሙና አላገኘሁም። ከጓሮ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁና ወጥቼ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። እማማ አባይነሽ ፀሐይ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሰኪና ተንበርክካ ጀርባቸውን በሳሙና ታጥባቸዋለች፤ ልክ የተወለደ ሕፃን እንደሚታጠበው፣ በመዳፏ። ገመዱ ላይ አንሶላና ያ ነጭ ቀሚስ ተሰጥቷል። እኔ ደንግጬ ቆምኩ። ሰኪና ቀና ብላ አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

አልብሳ አስገብታቸው ወጣች።

"አዩ፣ እትዬ?"

"አየሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሽንታቸው ማምለጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነ። ልብሳቸውን በእንዶድ አጥባለሁ፤ ለእኔ ልብስ አይተርፍም። ገላቸውን ግን እንዶድ ያቃጥላቸዋል፤ ሳሙናው ለእሱ ነው።"

"በየቀኑ?"

"ሰው በየቀኑ ይሸና የለ እንዴ!" ብላ ሳቀች።

"ምን ይከፍሉሻል?"

"ምርቃት። ወላሂ፣ ሲያበዙት ጎረቤት ይሰማል ብዬ ዝም በሉ እላቸዋለሁ።"

"ሻይሽንስ በምን ትጠጫለሽ?"

"በጨው። እናቴም በጨው ነበር የምትጠጣው።"

ደብተሬን ከጀርባዬ ደበቅኩት። "ካርድሽ ሊነጠቅ ነው እኮ፣ ልጄ። ለሊቀመንበሩ እንንገረው።"

"አይሆንም! ሰው ካወቀ ከቤት አይወጡም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄድን ካጡ ደግሞ በሕይወት አይቆዩም፤ አውቃቸዋለሁ። ካርዱ ይነጠቅ።" ድንገት ዓይኗ ፈጠጠ። "ሳሙናውን ግን ከየት አመጣለሁ?"

ለራሷ ጨው አልሰጋችም። ያ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ የጻፍኩትን አነበብኩ፦ "ሰኪና ሳሙና አልሸጠችም። ሳሙናው ታጥቦበት አልቋል። ሲታጠብበት አይቻለሁ።"

"ምን ታጠበበት?" አለ አስናቀ።

"ገላ።"

"የማን ገላ?"

"የሰው።"

ኮሚቴው ሳቀ። "ጓድ ተሻለች፣ ይቀልዳሉ?"

"አልቀልድም። ዴራ ትሸጣለች ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ፤ ሳላይ ነው የተናገርኩት። አሁን ግን አይቻለሁ። ዋስ እሆናለሁ፤ አንድ ሳሙና ሸጣ ከተገኘች የእኔም ካርድ ይነጠቅ።"

በእኔ ካርድ ሰባት ነፍስ ያድራል። አስናቀ ይህን ያውቃል። ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። "እንግዲያ ይፈርሙ።" ፈረምኩ፤ የሰኪና ካርድ ሳይነጠቅ ቀረ።

በቀጥታ ሰኪና ቤት ሄድኩ። ቆሎዋን ትታ ቆማ አዳመጠችኝ።

"ስማቸውን ጠሩ?" አለችኝ።

"አልጠራሁም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ስለ ካርዱ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ውሃው ይበርድባቸዋል ብላ ባልዲዋን አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች።