የባዝራዋ ግራ ጎን

ባለፈረሱ በነጻ የሚሠራ ሰው አያምንም። በጎ ፈቃደኞቹ አካፋና ዶማ ይዘው ከጫካው ሥር ሲሰበሰቡም ሰላምታቸውን ከመመለሱ በፊት እጃቸውን አየ። ለስላሳ ነው።

"ምን ፈልገው ነው?" አለ ወደ አማቹ፣ ወደ ሟች ሚስቱ ወንድም ጠጋ ብሎ።

"ጎርፍ የበላውን መንገድ ሊጠግኑ ነዋ።"

"እሱንማ ነገሩኝ። ምን ፈልገው ነው የምልህ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጥላህንም ምን ፈልጎ ነው የሚከተለኝ ሳትል አትቀርም" ብሎ አማቹ ሳቀበት።

መኪናው ጠጠሩን ከጫካው ሥር አራግፎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የፈረስ ሥራ ነው። ባለፈረሱና አማቹ ጠጠሩን በጆንያ እየሞሉ በኮርቻው ግራና ቀኝ ያስራሉ። ፈቃደኞቹ ፈረሶቹን እየሳቡ ውሃ የቦረቦረውን አቀበት ይወጣሉ፣ እላይ ያራግፋሉ፣ ይደለድላሉ።

ሌሎቹን ፈረሶች ማንም ቢስባቸው ግድ አልነበረውም። ባዝራዋ ግን የሚስቱ ነበረች። ሚስቱ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ በእጇ አብልታ ነው ያሳደገቻት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ባለፈረሱ የልቡን የሚያወራው ከባዝራዋ ጋር ነው። እርጅናዋን የሚያነሳበትን ሰው አይወድም። መጫን ያቃተውን ፈረስ ሁሌም ይሸጥ ነበርና፣ እሷ መጫን አቃታት የሚባልበትን ቀን ይፈራል።

የባዝራዋ ገመድ የደረሳት ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ነበረች። ዝምተኛ ናት፤ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አዝላለች። ባለፈረሱ ቦርሳውን አልወደደውም። ከሥር ስትነሳ የተልፈሰፈሰው ቦርሳ፣ እላይ ስትደርስ ተወጥሮ ይታያል።

ለምሳ ሲያርፉ የባዝራዋን ኮርቻ ወደ ቀኝ ዞሮ አገኘውና አወረደው። ባዝራዋ ጀርባ ላይ፣ ከአከርካሪዋ አጠገብ ጸጉሩ ተልጦ ቆዳው ቀልቷል። ገጣባ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጭነቱን በእጁ እኩል አድርጎ ያሰረው ራሱ ነው። ታዲያ ኮርቻው ለምን ወደ ቀኝ ዞረ?

"ያቺ ሴትዮ ከግራው ጆንያ ትቀንሳለች" አለ።

"ጠጠር ማን ይሰርቃል? ቀቅላ ልትበላው ነው?" አለ አማቹ።

"ቦርሳዋን አላየህማ።"

አማቹ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ባለፈረሱ ይሄንንም አልወደደውም።

ከምሳ በኋላ በቁስሉ ግራና ቀኝ ጨርቅ ደራርቦ፣ ቀለል አድርጎ ጫናትና ዛፍ ለዛፍ እየተደበቀ ተከተላቸው። ልብስ ሰፊዋ ከመታጠፊያው ስትደርስ ባዝራዋን አቆመች። ወደ ኋላ ገልመጥ አለች። ከዚያ የግራውን ጆንያ ፈትታ፣ ጠጠሩን በጣሳ እየዛቀች ወደ ቦርሳዋ ትገለብጥ ጀመር።

"እትዬ! ምንድን ነው እሱ?"

"ውይ! አስደነገጡኝ ጋሼ።"

"የደነገጥኩትስ እኔ ነኝ። የት ሊወስዱት ነው?"

"የት እወስደዋለሁ? እላይ ነዋ፤ መንገዱ ላይ ላራግፈው።"

"ፈረስ እያለ?"

"ፈረሷ ታነክሳለች። አቀበት ላይ፣ በግራ የፊት እግሯ። በዚያ በኩል ላቅልላት ብዬ ነው።"

"በአንድ ጎን ብቻ ይቀነሳል እንዴ! ኮርቻው ዞሮ ጀርባዋን ልጧታል እኮ!"

ከኮርቻው ሥር ጨርቁን ገልጦ ቁስሉን አሳያት። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

"አላወቅሁም" አለች። "ልነግርዎት ነበር። አማችዎ ናቸው፣ 'ፈረሷ የሟች ሚስቱ ናት፣ ስለ እግሯ እንዳታነሺበት' ያሉኝ።"

"አታነክስም" አለ ባለፈረሱ።

ገመዱን ተቀብሏት አቀበቱን ትንሽ ወጣ። ወደ ኋላ አላየም፤ ኮቴዋን ብቻ አዳመጠ። ሦስቱ እግሮች ጠበቅ አድርገው ይረግጣሉ፤ አንደኛው ነካ አድርጎ ይነሳል። ይህን ድምፅ ከሰማው ሰንብቷል። ድንጋይ ነው፣ ጭቃ ነው እያለ ነበር ያለፈው። የሰውን ቦርሳ ሲጠረጥር፣ እግሯን አንድም ቀን አልጠረጠረም።

ጠፍሩን ፈትቶ ጆንያዎቹን ከመንገዱ ዳር አወረደ። ኮርቻውንም አወረደና ጆንያዎቹ ላይ ጣለው።

አማቹ የቀሩትን ፈረሶች ይዞ ደረሰ። የወረደውን ጭነት አየ፣ ልብስ ሰፊዋን አየ፣ ገባው።

"እና... ልትሸጣት ነው?"

"ምን ፈልገህ ነው የምትጠይቀኝ?"

"ምንም።"

"እንግዲያው አንዱን ጆንያ ተሸከም።"

በማግስቱ ባዝራዋ ያለ ኮርቻ፣ ቁስሏ ታጥቦ፣ ከሌሎቹ ኋላ መጣች። እቤት ብቻዋን ቢተዋት ትጮሃለች አለ ባለፈረሱ፤ ማንም ሳይጠይቀው። ገመዷን ለልብስ ሰፊዋ ሰጣት።

"ዛሬ ምንም አልጫንኳትም" አላት።

"አይቻለሁ ጋሼ።"

"ቢሆንም" አለ፣ "ያንን ቦርሳ ሲወርዱ አየዋለሁ።"