የጾም እንጆሪ በክሬም

እንግሊዝ አገር፣ ሜድስቶን ከተማ፣ ከእኔ ቤት ሥር አንዲት የሀገሬ ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናትየውን እትዬ እላቸዋለሁ። ስኳር አለባቸው። ልጃቸው ሺፍት ስትገባ፣ ከሱቅ የመጣውን ምግብ ሁሉ ጀርባውን የማነብላቸው እኔ ነኝ። የተማርኩት ሥነ ምግብ ነው፤ ይህን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልናገር አላልፍም፣ ጉረኛ ነኝ።

ባለፈው የሰኔ ጾም እንጆሪ ደርሶ ነበር። እንግሊዞች እንጆሪ፣ የተመታ ክሬምና ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ተመትቶ የሚጋገር ደረቅ አረፋ ደባልቀው የሚበሉት ጣፋጭ አለ። ሥራ ቦታ ቀርቦ በጾም ምክንያት ስላለፈኝ፣ እልህ ያዘኝና የጾም አድርጌ ሠራሁት። ክሬሙን የኮኮናት አደረግሁ። በእንቁላሉ ፈንታ ሽምብራ የተቀቀለበትን ውሃ መታሁ፤ አረፋው እንደ እንቁላሉ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ይዤ ወረድኩ።

"ስኳሬን አያስነሳብኝም?" አሉ።

"የጾም ነው እኮ፣ እትዬ። ሽምብራ ነው።"

ወተትና እንቁላል እንዳይኖርበት እያንዳንዱን ጣሳ ሁለቴ አንብቤያለሁ። በገዛ እጄ አረፋው ውስጥ የገለበጥኩትን ስኳር ግን ከምግብም አልቆጠርኩት። የጾም ከሆነ አይጎዳም የሚለው የልጅነት እምነቴ ዲግሪዬን አሸንፎት ቁጭ ብሏል። "በቃኝ" ሲሉኝ "በሞቴ" ብዬ አጎረስኳቸው። ሁለተኛ ሳህንም ጨመርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ውሃ ውሃ አሉ፤ ዓይናቸው ፈዘዘ። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ ስኳራቸው ሰማይ ነክቷል። ስኳራቸውን ለምትከታተለው ነርስ ደወልኩ፤ ውሃ እየሰጠሁ ደጋግሜ እንድለካ ነገረችኝ። ልጃቸው ስትገባ ቁጥሩ መውረድ ጀምሮ ነበር።

"ምን በልተሽ ነው፣ እማዬ?"

እትዬ ወደ እኔ አላዩም። "ዳቦ ነዋ። አምሮኝ፣ እሷ ሳታየኝ" አሉ።

ልጅቷ እናቷን እንደ ሕፃን ተቆጣች። ሳህኖቹን ቀድሜ አጥቤ ደርድሬያቸዋለሁ። አፌን ከፍቼ "እኔ ነኝ" ማለት አቃተኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ጠብታ ወተት ፈርተው የማይቀምሱ ሴት፣ በጾም ቀን ለእኔ ሲሉ ዋሹ።

በማግስቱ ልጃቸው ሥራ እንደሄደች ጠሩኝ። የብስኩት ፓኬት ይዘዋል።

"እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ" አሉ። "ዛሬ ስኳሩንም።"