ያልታረመው ወረቀት

በጃንሆይ ጊዜ በርበሬ በረንዳ ሚጥሚጣ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር። ወረቀት ሳያነብ አይጠቀልልበትም። ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ቁልፎቹ ግን አንድም አልጎደሉም።

አንድ ቀን ሚጥሚጣ ልገዛ ብሄድ፣ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አወረደ። ሊጠቀልልበት ባነሳው የፈተና ወረቀት ላይ አንድ ተማሪ «ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ እመጣ ነበር» ለማለት በእንግሊዝኛ የጻፈውን የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ቀስ ብሎ አቃናለት። ከዚያ የስሙኒ ሚጥሚጣዬን ጠቀለለበት።

የተማሪውን የእጅ ጽሑፍ አወቅኩት። ፈተናውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሰልችቶኝ ሳላነብ ማርክ ሞልቼ፣ ክምሩን ለመጠቅለያ በኪሎ የሸጥኩትም እኔው።

«አስተማሪ ነበርክ እንዴ?» አልኩት።

«ይተዉት ጌታዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ይሄንንም መምህሩ አርሞት ቢሆን ኖሮ፣ ለእኔ አይተርፍም ነበር።»

ደረት ኪሴ ላይ የሰካሁትን ቀይ እስክሪብቶ በእጄ ሸፈንኩ።