ክንዱ ከመውደቁ ከስድስት ቀን በፊት

ወልደኢየሱስ ጎንደር ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሲቀጠር አርባ ዓመት አልፎት ነበር። ከዚያ በፊት ብራና ጸሐፊ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ብራና የሚያስጽፍ ሰው እየጠፋ ሲሄድ፣ ጽሕፈቱ ሸጋ ነው ተብሎ ለካርድ ተፈለገ።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። በሽተኛው በመስኮቱ በኩል ስሙን፣ ደብሩን፣ ሕመሙን ይነግረዋል፤ እሱ ይጽፋል። ሰው ግን ለነፍስ አባቱ እንኳ የማይናገረውን እዚያች መስኮት ላይ ይናገራል። ወልደኢየሱስ ይህን ያወቀ ዕለት የካርዱን ሣጥን መቆለፍ ጀመረ፤ ቁልፉንም ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው።

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ኃይለ ማርያም የሚባል ወጣት ሐኪም ጠራው።

«አያ ወልደኢየሱስ፣ በድንገት ወድቀው አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸውን ሰዎች ካርድ ይለዩልኝ።»

«ምነው?»

«በአራት ዓመት ያየነው አሥራ አንድ ሰው ነው። ከአሥራ አንድ ሰው ምንም አይታወቅም። አሥመራም፣ ደሴም፣ አዲስ አበባም ያሉ ሐኪሞች እንዲሁ ጥቂት ጥቂት አይተዋል። ሁላችንም ያለንን ብንለዋወጥ በሽታው እንዴት እንደሚጀምር እንደርስበት ይሆናል።»

ወልደኢየሱስ ፊቱ ጠቆረ። «እነዚህ ሰዎች ቃላቸውን የሰጡኝ ሊታከሙ ነው እንጂ በፖስታ አገር ላገር ሊዞር አይደለም። አልሰጥም።»

ሐኪሙ ሊቆጣ ይችል ነበር፤ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ታዲያ ምን ይሻላል ይላሉ?» አለው።

ወልደኢየሱስ ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን መጥቶ እንዲህ አለ፦ «ስምና ደብር አይጻፍ፤ በቁጥር ይሁን። የዳኑትን ራሳቸውን፣ የሞቱትን ቤተሰብ ሄጄ ልጠይቅ። እምቢ ያለ ሰው ካርዱ ከሣጥኔ አይወጣም።»

በበቅሎ ሁለት ወር ዞረ። አንድ ሰው እምቢ አለው፤ ዘጠኙ ፈቀዱ። በመጨረሻ የቀረችው ትክል ድንጋይ የምትኖረው ትርንጎ ነበረች፤ ባሏ ክንዱ ባለፈው ዓመት እርሻ ላይ ወድቆ፣ ሆስፒታል በደረሰ በማግስቱ ነው የሞተው። ወልደኢየሱስ ሲደርስ ጤፍ ስታበጥር አገኛት። የመጣበትን ሲነግራት ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ስሙን ትጽፋላችሁ?»

«የለም፣ እመት ትርንጎ። ቁጥር ብቻ ነው። ሕመሙ እንጂ ሰውየው አይታወቅም።»

«ሕመሙንስ መቼ አወቃችሁት! እርሻ ላይ ወደቀ ብላችሁ ጻፋችሁ አይደል?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው የጻፍሁት።»

«ከዚያ በፊት ነው የጀመረው። ከመውደቁ ከስድስት ቀን በፊት እንጨት ሲፈልጥ ድንገት ራሱን ይዞ ጮኸ። በመጥረቢያ የመቱኝ ያህል ነው አለኝ። አስመለሰው። መጋኛ ነው ብለን አስተኛነው፤ በማግስቱ ተሻለውና ተነሣ። ደህና ሆነ ብዬ እኔው ራሴ ስንቁን ቋጥሬ ሰደድሁት።» ሰፌዱን መልሳ አነሣችና «ምነው ያኔ አልጠየቃችሁኝ?» አለች።

ወልደኢየሱስ የነገረችውን አንድም ቃል ሳይቀንስ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ።

ሐኪሙ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበበው። ወዲያው ወደ ሌሎቹ ሆስፒታሎች የሚሄደው ደብዳቤ ላይ አንድ ጥያቄ ተጨመረ፦ በሽተኛው ከመውደቁ በፊት በነበሩት ቀናት ድንገተኛ የራስ ምታት መትቶት ነበር ወይ? እነሱም ቤተሰብ አስፈቅደው እንዲጠይቁ ተለመኑ።

መልሱ ሲመጣ ስምንት ወር አልፎ ነበር። ወልደኢየሱስ ከየሆስፒታሉ የመጣውን የስልሳ አራት ሰው ወረቀት በረዥሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። ምጽዋ ያለ የወደብ ሠራተኛ፦ «ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ» ብሎ ነበር፤ ከአራት ቀን በኋላ ወደቀ። ደሴ ያለች ነጋዴ፦ «የሆነ ነገር ራሴ ውስጥ ፈነዳ»፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ። አዲስ አበባ ያለ ወታደርም እንዲሁ። ከስልሳ አራቱ አሥራ ዘጠኝ ሰው! አንዱ ሌላውን አያውቀውም፤ ቋንቋቸውም አንድ አይደለም፤ ሁሉም ግን የክንዱን ነገር ይናገራሉ። ወልደኢየሱስ ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆመው ሳያስበው ብድግ አለ። በአንድ ሰው ላይ ዝም ያለው ነገር ስልሳ አራቱ ሲሰበሰቡ አፍ አውጥቶ ሲናገር በጆሮው የሰማው መሰለው።

በዓመቱ ከእንፍራንዝ አየለች የምትባል ሴት የእኅቷን ልጅ ሳል ልታሳክም መጣች። ወልደኢየሱስ የልጁን ካርድ ሲጽፍ እሷ ጨዋታ ቢጤ ጀመረች።

«እኔስ ብሆን ከትናንት ወዲያ ከሞት ነው የተረፍሁ። ውኃ ስቀዳ ራሴን እንደ መብረቅ መታኝና አስመለሰኝ። አሁን ግን ደህና ነኝ፤ አንገቴን ብቻ ትንሽ ይዞኛል።»

ብዕሩ ቆመ። «እባክሽ እዚሁ ቁጭ በይ፣ እንዳትነሺ» ብሏት ወደ ሐኪሙ ሮጠ።

ኃይለ ማርያም ከጀርባዋ አከርካሪ በመርፌ ውኃ ቀዳ። ጥርት ያለ መሆን የነበረበት ውኃ ሥጋ የታጠበበት ይመስል ነበር። አንጎሏ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። አየለች ጨለም ባለ ክፍል አርባ ቀን ሙሉ ተኝታ እንድትቆይ ተደረገ። ባሏ በላቸው መጥቶ «ምነው ጤነኛ ሰው አስተኝታችሁ ታማቅቃላችሁ?» ብሎ ቢቆጣ፣ ወልደኢየሱስ ደጅ አስቀምጦ የአሥራ ዘጠኙን ሰዎች ነገር፣ ስማቸውን ሳያነሣ፣ አንድ በአንድ ነገረው። በላቸው ሰምቶ ሲጨርስ በቅሎውን አስሮ እዚያው አደረ።

አየለች በእግሯ ወጣች። «መተኛቷ ይሁን ዕድሏ፣ እርግጠኛ አይደለሁም» አለ ሐኪሙ። «ግን ያን ቀን ብንሸኛት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አሥራ ዘጠኙን ጠይቁ።»

እሷ ከመሄዷ በፊት ወደ መስኮቱ መጣች። «አያ ወልደኢየሱስ፣ ሕመሜን በምን አወቃችሁት?»

«አንድ ገበሬ ነው የነገረን። ሞቷል። ስሙን እንዳልናገር ቃል አለብኝ።»

አየለች ነጠላዋን አስተካክላ፣ ስሙን ለማታውቀው ሰው ነፍስ ይማር አለች።

ወልደኢየሱስ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። ከሌሎቹ ሆስፒታሎች የሚመጣውን የወረቀት ጥቅል ከመክፈቱ በፊት፣ ማንም ሳያዘው፣ ድሮ ብራና ሲጽፍ ያደርግ እንደነበረው ሁልጊዜ እጁን ይታጠብ ነበር።