ሰማያዊ የሆነው ጠገራ ብር

እናቴ ሲያትል የመጣችው ልጃችን በተወለደች በወሩ ነው። አንገቷ ላይ ከእናቷ የወረሰችው ጠገራ ብር በጥቁር ክር ታስሮ ነበር። ሁለት ወር እንደቆየች ጠገራው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ሆነ።

"የዚህ አገር ውሃ ነው" አለች።

ባለቤቴ ግን ተጨነቀች። ብር ቀለሙን የሚለውጠው ያሰረው ሰው ሲታመም ነው ሲባል ሰምታለች።

"እማማ፣ የሚያምዎት ነገር አለ?"

"ደህና ነኝ ልጄ። እጄን ብቻ ደከም ብሎኛል።"

ሕፃኗን የማታቅፋትም ለዚሁ ነው ብላናለች። ከሶፋው ማዶ ተቀምጣ ታያታለች።

ሲታክ አየር ማረፊያ አጠገብ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። ኦፍ በሆንኩበት ቀን፣ ፎርጅድ መሆን አለመሆኑን ላሳይልሽ ብዬ ጠገራውን ጠየቅኳት። "እናቴን ነው ፎርጅድ ያልካት?" አለችኝ። ቢሆንም ፈታ ሰጠችኝ።

አሮጌ ሳንቲም የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድኩት። መዘኑት፣ በማጉያ መነጽር አዩት፣ ከዚያ አሸተቱት።

"ብሩ እውነተኛ ነው" አሉ። "ድኝ ሲነካው ነው እንዲህ የሚሆን። እንቁላል አጠገብ አስቀምጣችሁት ነበር?"

"ጾም ላይ ነን።"

"ላስቲክ ውስጥስ?"

"እናቴ አንገት ላይ ነው የሚውለው።"

"እንግዲያው ድኙ ያለው እናትህ አንገት ላይ ነው።"

ቤት ገብቼ ድኝ ያለበት ነገር ትቀባ እንደሆነ ጠየቅኳት። ተነስታ ወደ መኝታዋ ሄደች። ከዚያ ከትራሷ ስር አንድ ብልቃጥ የድኝ ቅባት አወጣች። ታች ቤት ያለችው ጎረቤታችን ናት የገዛችላት። ነጠላዋን ገለጥ ስታደርገው አንገቷና ደረቷ ቀልቷል።

"እከክ ነው" አለች። "ሕፃኗ ላይ እንዳይጋባ ብዬ ነው ያላቀፍኳት።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ወደ አገሬ ትመልሱኛላችኋ።"

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። አንድ ደቂቃ እንኳ አላያትም። እከክ አይደለም፣ የቤታችን ሂተር ሙቀት ቆዳዋን አድርቆት ነው፣ ድኙ ደግሞ አባብሶታል፣ አይጋባም አለ። አስተረጎምኩላት።

"ደግመህ ጠይቀው" አለች። "እንግሊዝኛው አምልጦህ ይሆናል።"

ጠየቅኩት። ያንኑ መለሰ።

ቤት እንደገባን እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ሶፋው ላይ ተስተካክላ ተቀመጠችና ባለቤቴን "አምጫት" አለቻት። እስኪመሽ አልሰጠችንም። ዳይፐር እንቀይርላት ስንላት እንኳ "ቆዩ" ነበር መልሷ።